ባቄላውና እንቁላሉ

ድሬዳዋ ቁርሷን የምትጨርሰው ፀሐይዋ ሳትከር ነው። ገና በአንድ ሰዓት ተኩል የፉል ቤቶቹ አግዳሚ ወንበር ይሞላል። ባጃጅ ነጂው ሞተሩን አጥፍቶ፣ ተማሪው ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ነጋዴው ሱቁን ሳይከፍት ይቀመጣሉ። በቀስታ እሳት ሲንተከተክ ያደረው ባቄላ ከትልቁ ድስት በጭልፋ ይወጣና ይፈጫል፤ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ከሙን ይገባበታል። ከዚያ አስተናጋጁ ከወዲያ ማዶ ይጣራል፤ «ኖርማል ነው ስፔሻል?»

ስፔሻል ማለት እንቁላል የገባበት ነው። ዋጋውም በዚያው ልክ ከፍ ይላል። እኔ ከዚህ ጥያቄ በኋላ የሚባለውን ማዳመጥ እወዳለሁ። ስፔሻል ያዘዘ ሰው «ዛሬስ ምግብ በላሁ» ይላል፤ ኖርማሉን የበላ «ሆዴን አታለልኩ» ይላል። ከእንስሳ የመጣ ነገር ካልነካው ምግቡ ምግብ የማይመስለን ብዙዎች ነን። ዶሮን ለበዓልና ለእንግዳ፣ ጥራጥሬን ለጾምና ለችግር ቀን መድበን ኖረናል። ክብሩ የት እንዳለ አሳምረን እናውቃለን፤ ጥቅሙን ግን እስቲ ቁጭ ብለን እንመዝነው።

በአማርኛ ለሚበላ ዘር ሁሉ አንድ የወል ስም የለንም። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስርና አተር ጥራጥሬ ይባላሉ። ሰሊጥ፣ ኑግና ተልባ የቅባት እህል ናቸው። ለውዝን ገበሬው ከነዚሁ ጋር ይቆጥረዋል፤ በዝምድና ግን የባቄላ ወገን ነው። ማሽላ የአገዳ፣ ጤፍና ስንዴ የብርዕ እህል ናቸው። ስማቸው ይለያይ እንጂ ሁሉም አንድ ነገር ናቸው፤ ተክሉ ገና ላልተወለደ ልጁ የቋጠረው ስንቅ። ይህን ካልን ደግሞ እንቁላልም ከዚያው መዝገብ ይገባል። ጫጩቷ 21 ቀን ቅርፊቱ ውስጥ ስትቆይ ከውጭ የሚደርሳት አየርና ሙቀት ብቻ ነው፤ አጥንቷም ላባዋም ዓይኗም የሚሠራው እናቷ አስቀድማ ካኖረችላት ነው። እዚያ የፉል ሳህን ላይ የተገናኙት እንግዲህ ሁለት ስንቆች ናቸው።

ልዩነታቸው የሚጀምረው ከቆይታቸው ነው። እንቁላሉ የተሰናዳው ለሦስት ሳምንት ነው። ዘሩ ግን ዝናብ እስኪመጣ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ደርቆ መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ስንቁን ቆልፎ ያኖረዋል። የቁልፉን ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

በቁጥሩ እንጀምር። ቆዳው የተገፈፈ የበሰለ የዶሮ ደረት 100 ግራሙ 31 ግራም ያህል ፕሮቲን፣ ከ4 ግራም ያነሰ ስብና 165 ካሎሪ አለው። 100 ግራም ለውዝ 26 ግራም ፕሮቲን፣ 49 ግራም ስብና 567 ካሎሪ ይይዛል። ሰሊጥ 18 ግራም፣ ጥሬ ምስር 25 ግራም፣ ስንቶቻችን ከዱባው አውጥተን የምንጥለው የዱባ ፍሬ ደግሞ 30 ግራም ፕሮቲን አላቸው። እንቁላል በ100 ግራም 13 ግራም እንኳ አይሞላም። ይህን ሰንጠረዥ ብቻ ያየ ሰው እንቁላሉን ከመጨረሻ አስቀምጦ፣ ሰሊጡን ከበላዩ አድርጎ ይነሣል።

ሰንጠረዡ አልዋሸም፤ ግን ያሳስታል። እንቁላል ሦስት አራተኛው ውሃ ነው፤ ምስሩ የተመዘነው በደረቁ ነው። ያው ምስር ውሃ ጠጥቶ ሲበስል በ100 ግራም ወደ 9 ግራም ፕሮቲን ይወርዳል። ደግሞስ 100 ግራም ሰሊጥ በአንድ ጊዜ የሚበላ ማን ነው? ስለዚህ ሚዛኑን ትተን በእፍኝና በሳህን እንቁጠር። አንድ እፍኝ የተቆላ ለውዝ 30 ግራም ቢሆን 8 ግራም ያህል ፕሮቲንና 170 ካሎሪ ይሰጣል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ፕሮቲንና 70 ካሎሪ ያህል ነው። ከዶሮ ወጥ የደረሰን አንድ ብልት፣ ከአጥንቱ የሚለየው ሥጋ 40 ግራም ቢሆን፣ 10 ግራም ያህል ፕሮቲን ነው። 200 ግራም የበሰለ ፉል ደግሞ 15 ግራም፤ ዳቦው ሲጨመርበት 20 ግራም ይሆናል። 60 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው ወደ 50 ግራም ነው። «ሆዴን አታለልኩ» ያለው ሰው የቀኑን ድርሻ ሁለት አምስተኛ በልቶ ነው የተነሣው፤ እንቁላሉ ቢጨመርለት ኖሮ የሚያገኘው ስድስት ግራም ብቻ ነበር።

መጠኑ ይህን ይመስላል። ጥራቱ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለሐረርጌ ሰው ደግሞ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

ፕሮቲን የሚገነባው አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ጡቦች ነው። ከነዚህ ዘጠኙን ሰውነታችን መሥራት ስለማይችል ከምግብ መምጣት አለባቸው፤ አንዱ ካነሰ ሌሎቹ ቢተርፉም ግንባታው በአነሰው ልክ ይቆማል። በእህል ዘወትር የሚያንሰው ላይሲን የተባለው ነው። ለአዋቂ ከ100 ግራም ፕሮቲን ውስጥ 4.5 ግራም ያህሉ ላይሲን ሊሆን ይገባል። በዶሮ ሥጋ ከ8 ግራም ያልፋል፤ በእንቁላል 7 ግራም ገደማ ነው፤ በባቄላና በምስር ከ6 ይበልጣል። በለውዝ 3.5 ገደማ፣ በሰሊጥ 3 ገደማ ነው። ማሽላ ላይ ሲደርስ ወደ 2 ግራም ይወርዳል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ከድሬዳዋ ዙሪያ እስከ ሐረርጌ ደጋ የእንጀራውም የቂጣውም የገንፎውም እናት ማሽላ ነውና። የምሥራቁ ለውዝ ደግሞ ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ ካለችው ከባቢሌ ጋር ስሙ አብሮ ይነሣል። ማሽላ በልቶ፣ ከሰዓት ጫቱ ላይ ለውዝ ቆርጥሞ የሚውል ሰው ጉልበት አላጣም፤ ስብም አላጣም፤ የፕሮቲኑ ብዛትም ይበቃው ይሆናል። ላይሲኑ ግን ከሁለቱም አልመጣለትም። ለውዙ የማሽላውን ጉድለት አይሞላም፤ ሁለቱም የሚደኸዩት በዚያው በአንዱ ነገር ነው። የሚሞላው ሽሮው፣ ምስሩ፣ ፉሉ ነው፤ ወይም እንቁላሉና ዶሮው። ዘር ሁሉ አንድ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

የማሽላን ይህን ድህነት ለማከም የተሞከረው ነገር ከኛው አገር ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ሲንግና ጆን አክስቴል፣ ከመላው ዓለም የተሰበሰቡ በሺህ የሚቆጠሩ የማሽላ ዓይነቶችን መርምረው ላይሲናቸው በጉልህ የላቀ ሁለት ማሽላዎች ማግኘታቸውን አሳወቁ። ሁለቱም የኢትዮጵያ ነበሩ፤ ከወሎ። የወሎ ገበሬ ቤተ ሙከራ ሳይገባ ያውቃቸው ነበር። የእንዲህ ዓይነት ማሽላዎች ስም «ወተት በጉንጬ» እና «ማር ጩቄ» ነው። ፍሬያቸው ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ምርታቸውም ያንሳል፤ ገበሬው ግን ከሌላው ማሽላ ጋር ደባልቆ እየዘራ እሸቱን ጠብሶ ይበላቸው ነበር። በዚያው ዓመት ከድሬዳዋ በደንገጎ ዳገት በኩል ከሚደረስበት ከአለማያ የእርሻ ኮሌጅ፣ ከዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ወጣት በዕፅዋት ሳይንስ ተመረቀ፤ ገቢሳ ኤጀታ ይባላል። አክስቴል ማሽላ ሊሰበስብ ኢትዮጵያ ሲመጣ አብሮት ዞረ፣ ኋላም ወደ ፐርዱ ሄዶ በማሽላ ላይ ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበለ።

የኛ እናቶች የአሚኖ አሲድ ስም ሳይሰሙ ጉድለቱን በድስት ሞልተውታል። የጸሎተ ሐሙስን ጉልባን አስቡት፤ ስንዴና ባቄላ አብረው ይቀቀላሉ። ስንዴው ላይሲን ያንሰዋል፤ ባቄላው ይሰጠዋል። ባቄላው ሜታዮኒን የተባለው ያንሰዋል፤ ስንዴው ይሰጠዋል። ፉል በዳቦም ያው ነው፤ እንጀራ በሽሮም ያው ነው። በአንድ ሳህን የተጣመሩ ጥራጥሬና እህል በፕሮቲን ጥራት ለዶሮ ይጠጋሉ። ዶሮዋ ብቻዋን ሙሉ ናት፤ ዘር ሙሉ የሚሆነው በጋብቻ ነው።

አሁን ወደ ቁልፉ። ሰሊጥ ከነቅርፊቱ በ100 ግራም 975 ሚሊ ግራም ካልሲየምና 14 ሚሊ ግራም ብረት አለው፤ የዶሮ ደረት ብረት ግን 1 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። በወረቀት ላይ ሰሊጡ ዶሮዋን 14 እጥፍ ይበልጣታል። ሆድ ውስጥ ግን እንዲህ አይደለም። ዘር ፎስፈረሱን የሚያከማችበት ፋይቴት የተባለ ነገር ብረቱንም ዚንኩንም ካልሲየሙንም አንቆ ይይዛል። ከዘር ብረት አንጀታችን የሚወስደው ጥቂቱን ነው፤ በሥጋ ውስጥ ካለው ብረት ግን ከፊሉ ሄም በሚባል መልክ ስለሚገኝ ፋይቴት አይደርስበትም። ከዚህም ሌላ ጥቂት ሥጋ ከጥራጥሬው ጋር ሲበላ የጥራጥሬው ብረት ራሱ ይበልጥ ይወሰዳል። በሽሮ ላይ ጣል የተደረገች ትንሽ ሥጋ ከመጠኗ በላይ የምትሠራው በዚህ ምክንያት ነው። እንቁላል ግን እዚህ ላይ አይረዳም፤ አስኳሉ ራሱ ብረትን ይይዛል። ለፉሉ ብረት የሚበጀው ከእንቁላሉ ይልቅ አብሮት የሚመጣው ቃሪያና የሚጨመቅበት ሎሚ ነው፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱን ያስለቅቃልና። ወዲያው የሚከተለው ሻይ ወይም ቡና ደግሞ መልሶ ያስረዋል። አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገይ ምን አለ?

ቁልፉ የሚከፈተው በማጀት ነው። ባቄላው ሌሊቱን ሲዘፈዘፍ ፋይቴቱ መፍረስ ይጀምራል። ሲበቅል፣ ማለትም በቆልት ሲሆን፣ ዘሩ ራሱ ለቡቃያው ብሎ ስንቁን ይፈታል። ሊጡ ቀናት ሲቦካ እርሾው ያንኑ ይሠራል። ተልባ ሳይወቀጥ ቢዋጥ እንደገባ ይወጣል፤ ተቆልቶ ሲወቀጥ ግን በዘር ዓለም እምብዛም የማይገኘውን ኦሜጋ 3 ስብ ይሰጣል። በአንድ ማንኪያ ተልባ ውስጥ ያለውን ያህል ዶሮ ውስጥ አታገኙም፤ እርግጥ የተልባው ኦሜጋ 3 ከዓሣው የተለየ ነው፣ ሰውነታችን ወደዚያ የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ነው። የተወቀጠ ተልባ በድሬዳዋ ሙቀት ቶሎ ይበላሻል፤ የዕለቱን በዕለቱ መውቀጥ ነው።

ዘር በምንም ጥበብ የማይሰጠው አንድ ነገር አለ፤ ቫይታሚን ቢ12። ለደምና ለነርቭ የግድ ነው፤ በባቄላም በሰሊጥም በማሽላም የለም። ዶሮ ጥቂት አለው፣ እንቁላል የተሻለ፣ ወተትና ቀይ ሥጋ አላቸው። ዶሮም በበኩሏ የሌላት አለ። በሥጋዋ ውስጥ አሰር የሚባል ነገር የለም፤ አንጀትን የሚያነቃቃው፣ ስኳርን ቀስ ብሎ ወደ ደም የሚለቀው፣ ኮሌስትሮልን የሚቀንሰው አሰር የዘር ሀብት ነው። ስኳርና ደም ግፊት በበዛበት በዚህ ዘመን ከተሜው ባቄላን ንቆ ዶሮ ጥብስ ላይ ማተኮሩ እውነት ለመናገር ያሳዝነኛል።

ሁለቱ ምግቦች የቀን መቁጠሪያ አላቸው። ከድሬዳዋ ተነሥቶ ቁልቢ ገብርኤል የሚወጣ ሰው ይህን በሁለቱ ንግሦች ያየዋል። የታኅሣሥ 19ኙ ንግሥ በጾመ ነቢያት መካከል ይውላል። መንገደኛው በስንቁ የሚይዘው ቆሎ፣ ለውዝ፣ ዳቦና በሶ ነው፤ ዶሮ የማይታሰብ ነው። የሐምሌ 19ኙ ግን ከጾመ ሐዋርያት በኋላ፣ ከፍልሰታ በፊት ስለሆነ፣ ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልዋለ በስተቀር ዶሮው ይታረዳል። ያው መልአክ፣ ያው ዳገት፣ ሁለት ዓይነት ማዕድ። ሥርዓቱን የሚጠብቅ ምእመን ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ሳይነካ ያሳልፋል፤ በዚያ ግማሽ ዓመት ሰውነቱን የሚያቆመው ዘር ነው። ቢ12 በጉበት ለረጅም ጊዜ ስለሚከማች ጤናማ አዋቂ ከፍስክ ወደ ፍስክ ይሸጋገራል። ሁልጊዜም ዶሮና ወተት ለማያገኝ ድሃ ግን ፍስኩም ጾም ነው።

የቦታውም ጠባይ ይፈርዳል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ወደ 35 ዲግሪ ይደርሳል። ዶሮ ላብ አታልብም፤ በአብዛኛው አፏን ከፍታ በማለክለክ ነው የምትቀዘቅዘው። ሲሞቃት መብላት ትተዋለች፤ ስታለከልክ የደሟ ሚዛን ስለሚዛባ የእንቁላሏ ቅርፊት ይሳሳል። ወደ ድሬዳዋው ከፊራ ገበያ ሄዳችሁ ዶሮ ሲገዛ ተመልከቱ። ልምድ ያላት ሴት ወዲያው ዋጋ አትጠይቅም። መጀመሪያ ዶሮዋን አንሥታ በእጇ ትመዝናታለች፤ ከዚያ በአውራ ጣቷ የደረት አጥንቷን ትዳስሳለች። አጥንቱ እንደ ቢላ ስለት ከተሰማት መልሳ ታስቀምጣለች። በሙቀት ወይም በመንገድ የከሳች ዶሮ ላባዋ ያምር እንጂ ለ12 ብልት አትበቃም። እንቁላሉን ደግሞ ጆሮዋ አጠገብ ነቅነቅ ታደርገዋለች፤ የሚንቦጫረቅ ከሆነ ቆይቷል። ባቄላና ምስሩ ግን በጆንያቸው ተቀምጠዋል፤ ፍሪጅ አይፈልጉ፣ መብራት ሄደ መጣ አይሉ።

ለውዝን ግን በዚህ አላመሰግንም። ሳይደርቅ የተከማቸ፣ ወይም ሲፈለፈል እንዲለሰልስ ውሃ የተረጨበት ለውዝ ሻጋታ ይይዛል፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ይተዋል። ጉበትን ይጎዳል፣ ቆይቶም ካንሰር ያመጣል፤ መቁላት ከፊሉን እንጂ ሁሉንም አያጠፋም። የተጨማደደውን፣ የጠቆረውን፣ አፍ ላይ የሚመርረውን ለውዝ «ይቅር፣ አንድ ፍሬ ነው» ብላችሁ አትዋጡት፤ ትፉት። ለዶሮም አትስጡት፤ የሻገተ መኖ የዶሮዋንም ጉበት ይመታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በላም ወተት ውስጥ መርዙን አግኝቶ ዋናው ምንጭ ላሞቹ የሚመገቡት የኑግ ፋጉሎ፣ ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው፣ መሆኑን አሳይቷል። ዘሩ ከተበላሸ ወተቱም አይድንም።

ዶሮዋም ከዘር ውጭ አትኖርም። የቀፎ ዶሮ መኖ በቆሎ፣ የስንዴ ፉርሽካ፣ አኩሪ አተር፣ የኑግና የለውዝ ፋጉሎ ነው። የሥጋ ዶሮ አንድ ኪሎ ለመጨመር ሁለት ኪሎ ያህል መኖ ትፈልጋለች፤ ከዚያም ውስጥ ላባውና አጥንቱ አለ። የዶሮ ሥጋ በሌላ አነጋገር የተመረጠና የተከፈተ ዘር ነው፤ መክፈቻው ግን ውድ ነው። የመኖ ዋጋ በጨመረ ቁጥር የእንቁላል ዋጋ የሚከተለው ለዚህ ነው። በግቢ የምትለቅመው የሐበሻ ዶሮ ግን ሒሳቧ ሌላ ነው። የምትበላው ሰው የማይበላውን ትርፍራፊ፣ ጥሬና ትል ነው። እንቁላሏ በዓመት ብዙውን ጊዜ ከ60 አይበልጥም፤ ያም ቢሆን ለባለቤቷ በነፃ የተገኘ ነው። አለማያ ኮሌጅ እንደ ሌግሆርን ያሉ የውጭ ዝርያዎችን ካስተዋወቀበት ዘመን ጀምሮ፣ በ2015 ዓ.ም. ይፋ እስከሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ድረስ የተለፋው ይህን ቁጥር ከፍ ለማድረግ ነው። ልፋቱ ይገባል፤ ዶሮ የምታረባ እናት ግን እንቁላሉን ሁሉ ገበያ አውጥታ ለልጇ ካላስቀረች ግማሹ ልፋት ይቀራል።

ምክንያቱም በዚህ ሁሉ ሒሳብ ሚዛኑ ወደ ዶሮ በግልጽ የሚያጋድለው ለሕፃን ሲሆን ነው። የስድስት ወር ልጅ ሆድ ትንሽ ነው፤ 200 ግራም ፉል አይችልም። በትንሽ ጉርሻ ብዙ የሚይዝ፣ ያልተቆለፈ ምግብ ያስፈልገዋል። እንቁላል ለአንጎል ዕድገት የሚያስፈልገውን ኮሊን ጨምሮ ያን ይሰጠዋል። በኤኳዶር ከ6 እስከ 9 ወር ለሆናቸው ሕፃናት በቀን አንድ እንቁላል ለስድስት ወር ተሰጥቶ መቀንጨር በ47 በመቶ መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። በማላዊ ያው ሲደገም በቁመት ላይ ያን ያህል ለውጥ አልታየም፤ እንቁላል ብቻውን ተአምር አይሠራም ማለት ነው። ይሁን እንጂ ለልጁ ሊቀርበት አይገባም። ቤተ ክርስቲያናችን ከሰባት ዓመት በታች ያለን ልጅ በጾም አታስገድድም፤ ድስቱ እንዳይነካ፣ ማጀቱ እንዳይገደፍ ተብሎ የልጁ እንቁላል የሚቀርበት ቤት ግን ብዙ ነው። ለልጁ አንዲት ትንሽ መጥበሻ ለይቶ ማስቀመጥ ብቻውን ይበቃ ነበር።

ባለፈው ሳምንት እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ አባት ትንሽ ሴት ልጁን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። «ኖርማል ነው ስፔሻል?» ሲባል «አንድ ስፔሻል፣ ሁለት ዳቦ» አለ። ሳህኑ ሲመጣ እንቁላሉ ያለበትን ጥግ ወደ ልጁ አዞረው።

«አባዬ፣ አንተስ?»

«እኔ ባቄላው ይበቃኛል» አላት፤ ወደ አስተናጋጁም ዞሮ ሎሚ ጠየቀ።